ተገልብጣ የታተመችው ጀልባ

እናንተዬ፣ ቴምብር ሰብሳቢ የሚባል ፍጥረት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ምንም አልቀረባችሁም። የሌላ ሰው ምራቅ የደረቀበትን ቁራጭ ወረቀት በወረንጦ አንስቶ፣ በአጉሊ መነጽር አገላብጦ፣ «ወይ ውበት!» የሚል ሰው ማለት ነው። ጎረቤቱ ታሞ ቢከርም አይሰማም፤ ቴምብሩን በጣታችሁ ብትነኩበት ግን ራሱን ስቶ ይወድቃል።

የወደቡ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ዕድሜዋን ሙሉ ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖራለች። ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ምን ታድርግ! እሷ ሰላሳ ዓመት ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጣ ማኅተም ስትመታ የኖረች ናት። ስትመታ ጠረጴዛው ይዘላል፤ ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «መዶሻ» ይሏታል። እኛም መዶሻ እንበላት፣ አትቆጣም። ለመዶሻ ቴምብር ማለት የመንገድ ሒሳብ ነው። ደብዳቤው እንዲሄድ ይለጠፋል፣ ጧ ተደርጎ ይመታል፣ አለቀ ደቀቀ። ሲሳፈር የቆረጠውን ትኬት አቅፎ የሚያድር ሰው አለ ወይ?

አለ። ጋሼ። ጡረታ የወጣ የጂኦሜትሪ መምህር ነው። ሚስት አላገባም፤ ማንስ ደፍራ ታገባዋለች! ሳሎኑን ሰባት ሺህ ቴምብር ይዞታል። መስኮት አይከፈትም፣ ንፋስ ይገባል። መጋረጃ አይገለጥም፣ ፀሐይ ቀለም ትበላለች። አትክልት የሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ ከፖስታ እንዲላቀቁ የተዘፈዘፉ ቴምብሮች ሲንሳፈፉ ይውላሉ፤ መዶሻ ከሥራ ደክሟት ገብታ ሳፋውን ስትፈልግ፣ «ቆይ፣ ሙጫቸው አልለቀቀም» ይላታል። እሷም ትቆያለች። ሰላሳ ዓመት ቆየች።

ማኅበርም አላቸው። ሰባት ናቸው፤ ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተርና ሁለት አማካሪ። ተራ አባል የሚባል የለም፣ ሁሉም ሹም ነው። ሊቀመንበሩ ጋሼ ነው። ጸሐፊው የጥርስ ሐኪም ነው፤ የሰው ጥርስ ነቅሎ ሲጨርስ የቴምብር ጠርዝ ላይ ያለውን ጥርስ በማስመሪያ እየለካ ይቆጥራል። አሥራ አራት ሲሆን ደስታ፣ አሥራ ሦስት ተኩል ሲሆን ለቅሶ። ቁም ነገራቸው ይኸው ነው።

እዚህ ቤት ሦስተኛ ሰው ነበር። ትንሹ። እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው መዶሻ ናት። አድጎ የሞተር መካኒክ ሆነ። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ የመርከብ ኩባንያ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። ትንሹ እስከ መጨረሻው ቀን ሲለግም ቆይቶ በመጨረሻው ቀን ማመልከቻውን ጻፈ። ቴምብር ግን የለውም። ከጋሼ አልበም ውስጥ አንዷን መዘዘ፣ ምራቁን ቀባ፣ ለጠፋት።

«ሰባት ሺህ ቴምብር ያለበት ቤት ተቀምጬ ቴምብር ልገዛ ነው እንዴ?» አላት መስኮቷ ጋ ሲደርስ እየሳቀ።

መዶሻ አየቻት። አባታቸው ሳይወለድ የታተመች ቴምብር ናት። ነገር ግን ከሥራ አልተሻረችም፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ጧ! አደረገችባት። እውነቱን ለመናገር እሷም ከት ብላ ስቃለች።

ማታ ጋሼ ክፍተቱን አየ። አባቱ ሲሞት እንባ ያልወጣው ሰውዬ ያን ዕለት ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ተነሣና በሩን በርግዶ፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጥ!» አለው። ትንሹ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ሻንጣውን ያዘ። መዶሻ ደግሞ፣ «ሂድ ግድ የለም፣ ይበርድለታል» አለችው። ይህች ቃል ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግባት። በሩ ላይ ቆማ፣ «እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» ማለት አቅቷት ነው? አላለችም። ፈራችው።

ትንሹ ሥራውን አገኘ ሲባል ሰማች። በየትኛው መርከብ፣ በየትኛው ባሕር፣ ማን ነግሯት! ልጁ ኩሩ ነው፤ አንድ መስመር አልጻፈም። መዶሻ የሰው ሁሉ ደብዳቤ በእጇ እያለፈ የእሷ የሚሆን አንድ አጣች። የቤቱ ፖስታ ሳጥን ያለው ከላይ ከዋናው ፖስታ ቤት ነው፤ ቁልፉ በጋሼ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቴምብር እንዳያመልጠው። «ዛሬ የመጣ ነገር አለ?» ትለዋለች በየሳምንቱ። «ላንቺ የለም» ይላታል። እየዋሸ አልነበረም፣ ልብ አድርጉልኝ። ላንቺ የለም ነው ያለው።

እንግዲህ የዘንድሮው ዐውደ ርእይ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ከሌላ ከተማ የተጋበዘ ዳኛ፣ የወርቅ ሜዳሊያ። ያሸነፈ ለታላቁ የውጭ ዐውደ ርእይ ይላካል፤ ጋሼ ሰላሳ ዓመት የጠበቀው ነገር ነው። መዶሻ ለምን ሄደች ብትሉ ሻይ ልትቀዳ ነው። ማን ይቅዳ? ሹማምንቱ ይቅዱ?

ጋሼ ከረባቱን አጥብቆ ንግግር አደረገ። «ቴምብር ከመፈጠሩ በፊት፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለደብዳቤ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ብልጦች ፖስታው ጀርባ ላይ ምልክት ይጽፉ ነበር፤ ተቀባዩም ከውጭ አገላብጦ አይቶ፣ መልእክቱን አውቆ፣ 'አልቀበልም' ብሎ ይመልሰዋል። ሳይከፍል፣ ሳይከፍት! ቴምብር ሲመጣ ግን ላኪው አስቀድሞ ከፈለ። ክቡራትና ክቡራን፣ የሰው ልጅ ከዚያ ወዲህ ነው የሠለጠነው።» የጥርስ ሐኪሙ አጨበጨበ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ሦስቱ ዝናብ ሲያባራ ሊሄዱ የተጠለሉ ናቸው።

መዶሻ ሻዩን ይዛ በመስታወት ክፈፎቹ መሀል ስታልፍ የጋሼ ክፈፍ ጋ ሰው ተሰብስቦ አየች። መሀል ላይ አንድ ሙሉ ፖስታ ተሰቅሏል። ቴምብሯ ላይ ጀልባ አለች፤ ጀልባዋ ግን ተገልብጣ፣ ሸራዋ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ታትማለች። ከሥሯ በጋሼ ቁም ጽሕፈት፣ «የአንዲት ትንሽ ደሴት ኅትመት። ስህተቱ ሲታወቅ በሦስተኛው ቀን የተሰበሰበ። እንደተላከ ያለ፣ ያልተከፈተ» ይላል። ጀርባውም እንዲታይ ከኋላ ፊት ማያ መስታወት ቆሟል። ወይ ብልሃት!

ትሪውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቀረብ አለች። የአድራሻውን የእጅ ጽሑፍ አወቀችው። ትንሹ መስመር ይዞ መጻፍ ከልጅነቱ አይችልም፤ ፊደሉ ከግራ ተነሥቶ ወደ ላይ እየወጣ ይሄዳል። ስንት ጊዜ እጁን ይዛ ልታስተካክለው ሞክራለች። ማኅተሙን ደግሞ ለእሷ ማን ያንብብላት! የተላከው ከዓመት ከሦስት ወር በፊት ነው። በመስታወቱ ውስጥ ጀርባውን አየች። የዋናው ፖስታ ቤት የመድረሻ ማኅተም አለ፤ ክዳኑ እንደታሸገ ነው፣ ሙጫው አልተነካም።

ትሪውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ጋሼን በእጅጌው ጎተተችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ዳኛው እየመጣ ነው።»

«የማን ነው አልኩህ!»

«የሱ ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ምን ይሁን ታዲያ? አድራሻው የኔ ነው። ለኔ ነው የጻፈው።»

«ዓመት ከሦስት ወር! እና ምን አለህ?»

«እንዴት ብዬ ልወቅ? አልከፈትኩትማ! እንዲህ ያለ ፖስታ ተከፈተ ማለት ሞተ ማለት ነው።»

«ማነው የሚሞተው?» አለች መዶሻ። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «በሕይወት ይኑር አይኑር የማናውቀው ማን ሆነና ነው ስለ ወረቀት ሞት የምትነግረኝ?»

ጋሼ ፊቱን አጨማደደ፤ ተማሪ የማይረባ ጥያቄ ሲጠይቀው እንዲህ ያደርግ ነበር። «ምን እንደሚል መች አጣሁት? ይቅርታ ነው የሚለው። ይቅርታ ደግሞ ታሽጎም ይቅርታ ነው። ለኔ ደርሶኛል፣ ተቀብዬዋለሁ። በቃ።»

ስሙት እንግዲህ! ይቅርታውን በላስቲክ ሸፍኖ ሰቅሎት፣ ተቀብዬዋለሁ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

«ክፈተው» አለች።

«ከሽልማቱ በኋላ እንነጋገራለን።»

«አሁን።»

«ከውጭው ዐውደ ርእይ በኋላ እንግዲያው።»

የጥርስ ሐኪሙ መሀል ገባ። «እህቴ፣ ይረጋጉ። ዕቃው እኮ የሁላችንም ኩራት ነው።» ዳኛው ራሱ በዚህ ቅጽበት ደርሶ አጎንብሶ በመነጽሩ ማየት ጀመረ፤ ሻይና ጠብ ለምዷል መሰለኝ ቀና ብሎም አላያትም። መዶሻ ለእሱም ተናገረች። «ጌታዬ፣ ይሄ የወንድማችን ደብዳቤ ነው። አምስት ዓመት ድምፁን አልሰማሁም። ይክፈተው በሉልኝ።»

ዳኛው ቀና አለ። አዘነላት፣ እውነት። «ይገባኛል እመቤቴ» አለ። «ግን ሳይከፈት እዚህ የደረሰ ሌላ አለ ብዬ አላስብም።» ብሎ ተመልሶ አጎነበሰ። አቤት አዘኔታ! እንዲህ የሚያዝኑልኝ ሰዎች እግዜር አያምጣብኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። መዶሻ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከሁለቱም ጋር ስለኖረች፣ መለመን እንደማይሠራ ያን ጊዜ ገባት። ክፈፎቹን ጠዋት ተሸክማ ያመጣቻቸው እሷ ናት፤ መስታወቱ ወደ ጎን እንደሚንሸራተት ታውቃለች። ዳኛውን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው፣ መስታወቱን ሳበችው፣ ፖስታውን ላጥ!

«በጣቷ!» ብሎ ጮኸ የጥርስ ሐኪሙ። ኦዲተሩ ዓይኑን ሸፈነ። ከአማካሪዎቹ አንዱ ወረንጦ አውጥቶ ዘረጋላት፣ ቢያንስ በዚህ ያዢው ማለቱ ነው። ጋሼ ክንዷን ሊይዝ ሲዘረጋ እሷ አውራ ጣቷን ከክዳኑ ሥር አስገብታ ቀደደችው። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አቃሰተ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከሰባቱ ማንም ሊሆን ይችላል።

ውስጡ አንድ ገጽ ወረቀትና በቀጭን ላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ነበረች። መዶሻ ቆማ ጮክ ብላ አነበበች፤ እንዲሰሙ ብላ።

«ጋሼ፣ እንደምን አለህ? ያን ቴምብርህን ስላጠፋሁብህ ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ላንተ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር። እዚህ ደሴት ስንቆም ጀልባዋ ተገልብጣ ታተመች እየተባለ ሲሳቅ ሰማሁ። ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። ሊሰበስቡት ነው ሲባል ከንጋት ጀምሬ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ተሰልፌ ሁለት ገዛሁ። አንዷን ደብዳቤው ላይ የለጠፍኳት ገና ስታያት ደስ ብሎህ ቶሎ እንድትከፍተው ብዬ ነው። ያልተመታችው ውስጥ አለች፤ እሷ ባጠፋሁብህ ፈንታ ናት።

«መርከባችን በሚመጣው ወር በሁለተኛው ቅዳሜ እኛ ወደብ ትቆማለች፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል። ተቀባይ ካልመጣልን ከበር አያስወጡንም፤ መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ እቀመጣለሁ። እትዬን ይዘሃት ና። ያንተን ይቅርታ ሳላገኝ እሷ ፊት መቆም ስለከበደኝ ነው ለሷ ያልጻፍኩት። ካልመጣችሁ ግን ይገባኛል፣ ሁለተኛ አላስቸግርም።»

የመድረሻው ማኅተም ከዚያ ቅዳሜ ዘጠኝ ቀን ይቀድማል። ዘጠኝ ቀን! መዶሻ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሠራው ግማሽ ቀን ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቷን ዘግታ በዚያ መጠበቂያ አዳራሽ አጥር ሥር አልፋ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። ያን ቀንም አልፋለች። ልጇ ከግንቡ ወዲያ ተቀምጦ፣ እሷ ከግንቡ ወዲህ ሽንኩርት ተሸክማ።

ጋሼን አየችው። ጋሼ የሚያየው የተቀደደውን ክዳን ነበር። ትፍ! አላለችም እንጂ ምራቋ አፏ ውስጥ ሞልቷል። ደብዳቤውንም፣ ፖስታውንም፣ ላስቲኩንም ኪሷ ከታ፣ ሻዩንም ሹማምንቱንም ትታ ወጣች።

ከማዘጋጃ ቤት ወደብ ድረስ ቁልቁለት ነው። ዝናቡ አባርቷል። እየሮጠች ይሁን እየተራመደች አታውቅም። መጠበቂያ አዳራሹ በር ላይ ያለው ሽማግሌ ዘበኛ ያውቃታል፤ የጡረታ ወረቀቱን የምትልክለት እሷ ናት። የትንሹን ስም ነገረችው፣ ቀኑን ከደብዳቤው አነበበችለት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ያለፈውን ዓመት መዝገብ ገለጠ።

«ይሄ ልጅ ያንቺ ነው?» አለ። «አስታውሰዋለሁ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ያቺ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ ይላል። 'እህቴ እዚህ ማዶ ፖስታ ቤት ናት' ሲለኝ፣ ልላክባት እንዴ አልኩት። 'ተው፣ ጋሼ ይዟት ይመጣል። ካላመጣት አልፈለጉኝም ማለት ነው' አለ። ምሳም አልበላ። መርከቧ ስትጮህ ተነሥቶ ሄደ።»

መዝገቡን አዞረላት። «የሚጠብቀው ተቀባይ» ከሚለው ሥር «ሁለት፤ ወንድም፣ እህት» ተብሎ፣ ወደ ላይ በሚወጣው ጽሑፍ ተጽፏል። «የመጣ» ከሚለው ሥር ዘበኛው ሰረዝ አስምሯል።

«ከዚያ ወዲህ መርከቧ አራት ጊዜ መጥታለች» አለ ዘበኛው። «ሌሎቹ ይወርዳሉ። እሱ አይወርድም።»

መዶሻ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች። አራት ጊዜ፣ እሷ መስኮቷ ላይ የሰው ደብዳቤ እየመታች ሳለ፣ ልጁ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ነው፣ እያለከለከ፣ ከረባቱ ወደ ኋላ ዞሮ። ሽልማቱን ትቶ መጣ! ዳኛውን፣ ሜዳሊያውን፣ ሰላሳ ዓመት የጠበቀውን ትቶ። መዶሻ ልቧ ዘለለ። ለካ ሰው ነው፣ አለች በሆድዋ፤ ለካ እኔ ነኝ ክፉ። ተነሣችና መዝገቡን አሳየችው። ጋሼ አጎንብሶ አነበበ። «ሁለት፤ ወንድም፣ እህት»ን አነበበ። ሰረዟን አየ። በጣቱ ዳሰሳት።

ከዚያ፣ «ያልተመታችው…» አለ በቀስታ። «ኪስሽ ውስጥ ናት? ኪስሽ በላብሽ ርሷል እኮ። ሙጫዋ ይለቃል።»

መዶሻ አልጮኸችም። ምን ብላ ትጩህ? ላስቲኩን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «እንካ» አለችው። «ላንተ ነው የላከው።»

ጋሼ በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ብርሃን ወዳለበት። አጉሊ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ።

መዶሻ ወደ ዘበኛው ዞረች። «መርከቧ መቼ ነው የምትመጣው?»

«የፊታችን ማክሰኞ። ተቀባይ ቀድሞ ከተመዘገበ የልጁን ስም በድምፅ ማጉያ እናስጠራለን፤ ከተጠራ ይወርዳል።» እስክሪብቶውን አነሣ። መዝገቡን ጠረገ፣ ወደ መስኮቱ አየት አደረገ፣ ተመልሶ እሷን አያት። «እንደ በፊቱ ሁለት ልበል?»

«አንድ በል» አለች።